ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ጥይቱ የት ይሄዳል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ዕቃ ዙሪያ የሚሽከረከሩ ናቸው፤ ተጭኖ ሄዶ ተኩስ ሜዳ ላይ የሚተከል፣ ሲያበቃ ተነቅሎ የሚመለስ የዒላማ ተኩስ ጠረጴዛ። ወደ መልሶቹ ከመግባትዎ በፊት አንድ ስሌት ይያዙልን። ጠመንጃ ከፊት በአንድ ከረጢት፣ ከኋላ ሰደፉ ሥር በሌላ ከረጢት ተደግፎ ሲቀመጥ በሁለቱ መካከል 50 ሴ.ሜ ያህል ርቀት አለ። ከሁለቱ አንደኛው 1 ሚ.ሜ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል 100 ሜትር ላይ ልዩነቱ 20 ሴ.ሜ ይሆናል። የአንድ ሚ.ሜ አንድ አሥረኛ፣ ማለትም የአንድ ወረቀት ውፍረት፣ 2 ሴ.ሜ ያስስታል። ከዚህ በታች ስለ ብሎን፣ ስለ እግርና ስለ እንጨት ውፍረት የምንከራከረው ለዚህች ወረቀት ነው።

ጥያቄ፦ ጠመንጃዬን ለማስተካከል አልፎ አልፎ ብቻ ነው ወደ ተኩስ ሜዳ የምሄደው። ጠረጴዛውን ልሥራው ወይስ የተሠራ ልግዛ?

መልስ፦ ውሳኔው የሚወሰደው በዋጋ ሳይሆን ከመኪናው እስከ መተከያው ቦታ በእጅዎ በሚሸከሙት ርቀት ነው። መኪናው ሜዳው ጫፍ ድረስ የሚደርስልዎ ከሆነ ይሥሩት። በአንድ ቀን ሥራ የሚያልቅ የእንጨትና የቱቦ ጠረጴዛ በገበያ ላይ ካሉት ከብዙዎቹ ተጣጣፊ ጠረጴዛዎች ይልቅ ረግቶ ይቆማል። ረጅም መንገድ መሸከም ካለብዎ ግን ተጣጣፊ መግዛት ይሻላል፤ ቀለል ያሉት 10 ኪሎ አካባቢ ይመዝናሉ። ከነመቀመጫቸው የሚሸጡት ከባዶቹ ከ30 ኪሎ ስለሚያልፉ ቤት ከሚሠራው ይበልጥ ይከብዳሉ። እነዚህን «ተንቀሳቃሽ» የሚላቸው ሻጩ ነው።

ሱቅ ውስጥ ጠረጴዛውን ሙሉ በሙሉ ያስዘርጉት፤ በሥዕልና በካርቶን አይግዙ። መጀመሪያ የፊቱን ጠርዝ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ግራና ቀኝ ይግፉት። «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ ማጠፊያው ወይም መቆለፊያ ፒኑ ክፍተት አለው፤ ክፍተቱ ደግሞ በአገልግሎት ብዛት ይሰፋል እንጂ አይጠብም። ቀጥሎ የጠመንጃው ሰደፍ የሚያርፍበትን ቦታ በመዳፍዎ ተጭነው ይልቀቁት፤ በባዶ ዓይን ሲጎብጥ ከታየዎ ይተዉት። ፊታቸው (የላይኛው ገበታቸው) ውስጡ ባዶ ፕላስቲክ የሆነ ጠረጴዛዎች ብዙ ጊዜ የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። መቀመጫው ከፍና ዝቅ የሚል መሆኑን፣ የተጻፈበት የክብደት ገደብ የእርስዎን ክብደት ከነልብስዎና ከነዕቃዎ የሚችል መሆኑን ያረጋግጡ። በመጨረሻ የእግሮቹን ጫማ ይገልብጡና ይመልከቱ። የጎማ ጫማው በብሎን ወይም በፒን የተያዘ መሆን አለበት፤ ዝም ብሎ የተሰካ ጫማ ጭቃ ውስጥ ይቀራል፣ ከዚያም አንዱ እግር አጭር ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሦስት እግር ይሻላል ወይስ አራት? እባካችሁ ልኬቱንና የሚያስፈልገውን ዕቃ ከነአሠራሩ ንገሩኝ።

መልስ፦ ሦስት። ሦስት እግር መሬቱ ወጣ ገባም ቢሆን ሁሉም ይረግጣል። አራት እግር ያለው ግን ሜዳው ካልተስተካከለ አንዱን እግሩን አየር ላይ ያስቀራል፤ እርስዎ ክርንዎን ባሳረፉና ባነሱ ቁጥር ጠረጴዛው ከአንዱ ሰያፍ ወደ ሌላው ይወዛወዛል። የግድ አራት ይሁን ካሉ ቢያንስ አንደኛው እግር በብሎን የሚረዝምና የሚያጥር ይሁን።

ለፊቱ 18 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው፣ ብዙ ንብብር ያለው የበርች ፕላይውድ ይምረጡ። ቺፕውድና ኤምዲኤፍ ብሎን አይዙም፤ እርጥበት ከነካቸውም ያብጣሉ። 122 በ244 ሴ.ሜ የሆነው ሙሉ ጣውላ 120 በ80 ሴ.ሜ የሆኑ ሦስት ፊቶች ይወጡታል፤ ስለዚህ ከሁለት ሰው ጋር ተካፍሎ መግዛት አያከስርም። ለእግር የ1 ኢንች ጋልቫናይዝድ የውሃ ቱቦ፣ እያንዳንዱ 70 ሴ.ሜ፣ አንድ ጫፉ ጥርስ የወጣለት፣ ሦስት። ባለ አራት ቀዳዳ የ1 ኢንች ፍላንጅ (ቱቦው በጥርሱ የሚገባበት ክብ የብረት መያዣ) ሦስት። ኤም8 ብሎን 70 ሚ.ሜ ርዝመት 12፣ ሰፋፊ ሮንዴላ 24፣ ናይሎን ያለው የማይፈታ ዳዶ 12። ውሃ የማይፈታው የእንጨት ኮላ፣ የውጭ ቫርኒሽ፣ ሦስት የጎማ ጫማ። ተኳሹ ከባድ ሰው ከሆነ ወይም ጠመንጃው በኃይል የሚራገጥ ከሆነ ቱቦውንና ፍላንጁን በ1¼ ኢንች ይተኩት፤ የእግሩ አለመጉበጥ ከእጥፍ በላይ ያድጋል፣ ክብደቱ የሚጨምረው ግን 2 ኪሎ እንኳ አይሞላም።

ፊቱን ሲቆርጡ በቀኝ ትከሻ ለሚተኩስ ሰው የሚቆረጠው የኋላው ግራ ማዕዘን ነው፤ 40 ሴ.ሜ በወርዱ፣ 45 ሴ.ሜ በርዝመቱ። ሰውነትዎ እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ይገባል፤ በስተቀኝ የሚቀረው ጅራት የኋላውን ከረጢትና የቀኝ ክርንዎን ይሸከማል። የውስጡን ማዕዘን በቀጥታ አይቁረጡት፤ መጀመሪያ በወፍራም ፑንታ ማዕዘኑ ላይ ቀዳዳ ያውጡና መጋዙ እዚያ ይድረስ። ስንጥቅ የሚጀምረው ከሹል ማዕዘን ነው፤ ደረትዎን የሚወጋዎም እሱ ነው።

የተቆረጠውን ቁራጭ አይጣሉት። ከእሱ 19 በ19 ሴ.ሜ የሆኑ ሦስት ካሬዎች ያውጡና እግር በሚመጣባቸው ሦስት ቦታዎች (ቦታዎቹን ከታች እንነግርዎታለን) ከሥር በኮላ ለጥፈው በሞርሴቶ አጥብቀው ያሳድሩ። አሁን ብሎኑ የሚይዘው 36 ሚ.ሜ እንጨት ሆነ።

በዚህ ሥራ ውስጥ ትዕግሥት የሚጠይቀው ሽብልቁ ነው። እግሮቹ ቀጥ ብለው ከወረዱ ጠረጴዛው ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ወደ ውጭ 10 ዲግሪ ከተንሻፈፉ ግን እያንዳንዱ እግር ከታች 12 ሴ.ሜ ያህል ወደ ውጭ ይረግጣል። ለዚህ በፍላንጁና በእንጨቱ መካከል ሽብልቅ ያስፈልጋል። ለ10 ሴ.ሜ ፍላንጅ የሽብልቁ ቀጭን ወገን 10 ሚ.ሜ፣ ወፍራሙ ወገን 28 ሚ.ሜ ይሁን፤ ከጠንካራ እንጨት ይቁረጡት። ወፍራሙ ወገን ወደ ጠረጴዛው መሐል ይዞር። ብዙ ሰው ይህን ገልብጦ ይለጥፍና እግሮቹ ወደ ውስጥ ገብተው ሲያይ ነው ስህተቱን የሚያውቀው፤ ስለዚህ ኮላ ከመቀባትዎ በፊት ፍላንጁንና ቱቦውን ደርድረው በዓይንዎ ይመልከቱት። ፍላንጁንም ቢሆን አራቱ ቀዳዳዎች ሁለቱ በወፍራሙ፣ ሁለቱ በቀጭኑ ወገን እንዲውሉ አድርገው ያዙሩት።

ሽብልቁ ከደረቀ በኋላ በ3 ሚ.ሜ ፑንታ ከሥር ወደ ላይ፣ ትራፓኖውን ለሽብልቁ ፊት ቀጥ አድርገው ይዘው ይብሱ። ቀዳዳው በጠረጴዛው ፊት ላይ በትንሹ ተንሻፎ ይወጣል፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ከዚያ ጠረጴዛውን ይገልብጡና ከላይ በ25 ሚ.ሜ ፑንታ የትንሹን ቀዳዳ አቅጣጫ ተከትለው 10 ሚ.ሜ ያህል ይቆፍሩ፤ የብሎኑ ራስና ሮንዴላው እዚያ ተደብቀው በደንብ ይተኛሉ። በመጨረሻ ቀዳዳውን በ8.5 ሚ.ሜ ያስፉት። የፍላንጁ የራሱ ቀዳዳ ለኤም8 የሚጠብ ከሆነ እሱንም ያስፉት፤ ብሎኑን በመዶሻ አያስገቡት። ቪቴ (የእንጨት ብሎን) ብቻ ተጠቅሞ ፍላንጅ ማሰር የተለመደ ነው፤ እስከ ጊዜው ይይዛል። እያንዳንዱ ተኩስ ጠረጴዛውን ወደ ኋላ ስለሚገፋው ቪቴው ቀዳዳውን ቀስ በቀስ ያሰፋዋል። አልፎ የሚሄድ ብሎን ግን ቢላላ እንኳ በመፍቻ ይጠብቃል።

ብሎኑን ከማሰርዎ በፊት ቫርኒሹን ይጨርሱ። የመጀመሪያውን ቅብ በትንሹ አቅጥነው፣ ሁለቱን ቀጣዮች እንዳለ ይቀቡ፤ በመካከሉ በ220 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይሹት። ላዩንም ሥሩንም እኩል ይቀቡ። አንድ ወገን ብቻ የተቀባ ጣውላ እርጥበት የሚስበው በሌላው ወገን ብቻ ስለሆነ ይጣመማል። ጠርዙና የብሎን ቀዳዳዎቹ ውስጥ ደግሞ ተጨማሪ ቅብ ይፈልጋሉ፤ ፕላይውድ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነው።

ቱቦዎቹን ሲያስገቡ በእጅ እስኪቆም ድረስ ያዙሩ፣ ከዚያ በቱቦ መፍቻ ሩብ ዙር ይጨምሩ። የቱቦው ጥርስ ሾጣጣ ነው፤ እየገባ በሄደ ቁጥር ይጠብቃል፣ ስለዚህ ከዚያ በላይ መጎተት ሜዳ ላይ መፍታቱን ያከብደዋል እንጂ አይጠቅምም። እግሮቹንና ፍላንጆቹን 1፣ 2፣ 3 ብለው ምልክት ያድርጉባቸው፤ አብሮ የለመደ ጥርስ ሁልጊዜ በአንድ ልክ ይቆማል። ጥርሱ ውስጥ አሸዋ ከገባ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል። ሁሉም ሲገጣጠም ቁመቱ 76 ሴ.ሜ አካባቢ፣ ክብደቱ 18 ኪሎ አካባቢ ይሆናል።

እግሮቹ የት ይተከሉ? ሁለቱ ከፊት በሁለቱ ማዕዘኖች፣ ከጠርዙ 10 ሴ.ሜ ገባ ብለው፤ ሦስተኛው በጅራቱ ጫፍ። እዚህ ላይ ነው የሦስት እግር ጉድለት የሚመጣው። ከፊተኛው ግራ እግር እስከ ኋለኛው እግር በሐሳብዎ መስመር ቢያሰምሩ የግራው የጠረጴዛ ክንፍ ከመስመሩ ውጭ ይቀራል። በግራ ክርንዎ እዚያ ከተደገፉ ጠረጴዛው ይገለበጣል፤ ጠመንጃውም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ የኋላውን እግር በጅራቱ መሐል አይትከሉት፤ ወደ ጎድጓዳው ጠርዝ ያስጠጉት። ጠመንጃውን ከማውጣትዎ በፊት ግራውን ክንፍ በእጅዎ እየተጫኑ ከየት ጀምሮ እንደሚነሳ ይፈልጉና ቦታውን በቀለም ያስምሩበት። ከዚያ መስመር ወዲያ ክርን አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ እኔ ግራኝ ነኝ፤ አብሮኝ የሚተኩሰው ወንድሜ ደግሞ ቀኝ ነው። ሁለት ጠረጴዛ እንሥራ?

መልስ፦ አያስፈልግም። ኋላውን ከሁለቱም ወገን 22 ሴ.ሜ በ45 ሴ.ሜ ቆርጠው በመሐል 36 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጅራት ያስቀሩ። ፊቱ በ«ቲ» ቅርጽ ይሆናል፤ ቀኙ በግራው ጎድጓዳ፣ ግራኙ በቀኙ ይቀመጣል። ለሦስት እግርም የሚስማማው ይህ ቅርጽ ነው፤ የኋላው እግር መሐል ላይ ስለሚውል ወደ አንድ ወገን ብቻ የመገልበጥ ዝንባሌው ይቀንሳል። በቀኝና በግራ ትከሻ መካከል የሚጋራ ባይኖርም ብዙ ጊዜ ይህንኑ እንዲሠሩ ነው የምንመክረው። ጉዳቱ ጅራቱ ጠበብ ማለቱ ነው፤ ከከረጢቱ አጠገብ ጥይትና መሣሪያ መደርደሪያ ቦታ አይኖርም።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛዬን የሠራሁት ከ12 ሚ.ሜ ኮምፔንሳቶ (ፕላይውድ) ነው፤ አራት ተጣጣፊ እግር አለው። በጠመንጃው መነጽር ሳይ የማነጣጠሪያው መስቀል ዒላማው ላይ ይዘላል። ከባድ ነገር ብሰቅልበት ይረጋጋልኛል?

መልስ፦ ክብደት ከመስቀልዎ በፊት የሚነቃነቀው የትኛው እንደሆነ ይለዩ። ምርመራው ያለ ተኩስ የሚሠራ ነው። ካዝናውን ያውጡ፣ ቃታውን (ምላጩን ሳይሆን ጥይት ማጉረሻውን) ወደ ኋላ ስበው ክፍት ይተዉት፣ ጉሮሮው (ጥይቱ የሚጎርስበት ቦታ) ባዶ መሆኑን በዓይንም በጣትም ያረጋግጡ፤ ጥይት በጠረጴዛው ዙሪያ አይኑር። ጠመንጃውን አፈሙዙ ወደ ዒላማው እንደሆነ በከረጢቶቹ ላይ ያስተኙና እጅዎን ሳያሳርፉበት በመነጽሩ እየተመለከቱ ጠረጴዛውን በጣትዎ ይጫኑ፣ ቀጥሎ ይልቀቁ። ምላጩን መንካት አያስፈልግም።

መስቀሉ ሄዶ በሄደበት ከቀረ አንድ መገጣጠሚያ ልል ነው። ሄዶ ወደ ቦታው ከተመለሰ የጎበጠው ፊቱ ነው። ጠረጴዛውን መታ ሲያደርጉት ለረጅም ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ እግሮቹ ሰያፍ ድጋፍ የላቸውም። ቀስ እያለ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሸሽ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የጠረጴዛው አይደለም፤ እግር መሬት ውስጥ እየሰመጠ ነው።

በእርስዎ ሁኔታ ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ አብረው እንዳሉ እንጠረጥራለን። የጣውላ አለመጉበጥ የሚያድገው በውፍረቱ ኩብ ነው፤ 18 ሚ.ሜ ከ12 ሚ.ሜ 3.4 ጊዜ ያህል ይጠነክራል። ፊቱን ሳይቀይሩ ማዳን ከፈለጉ 4 በ7 ሴ.ሜ የሆነ ቀጥ ያለ ሞራሌ፣ 7ቱ ሴ.ሜ ቁመቱ ሆኖ፣ ከፊት ከረጢት እስከ ኋላ ከረጢት ባለው መስመር ሥር በኮላና በየ15 ሴ.ሜው በቪቴ ያጣብቁ። አንድ ሞራሌ በትክክለኛው ቦታ ከሦስት ሞራሌ በጠርዝ ዙሪያ ይበልጣል፤ መጉበጥ የሌለበት ጠመንጃው የተኛበት መስመር ነው።

ተጣጣፊውን እግር በተመለከተ፣ ከማጠፊያው 5 ሴ.ሜ ርቆ ያለ መቆለፊያ ላይ የ1 ሚ.ሜ ክፍተት ቢኖር 70 ሴ.ሜ ርቆ እግሩ ጫፍ ላይ 14 ሚ.ሜ ይሆናል። ማጠፊያውን የቱንም ያህል ቢያጠብቁት ይህን አያሸንፉም። መድኃኒቱ ሰያፍ ድጋፍ ነው፤ ከእግሩ አጋማሽ ተነስቶ ወደ ፊቱ ሥር 45 ዲግሪ ገደማ ተዘንብሎ የሚወጣ ዘንግ፣ በሁለቱም ጫፍ በብሎን የተያዘ። ለፊትና ኋላ እንቅስቃሴ አንድ፣ ለግራና ቀኝ ሌላ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች አንዱን አቅጣጫ ብቻ አስረው ሌላውን ይረሱታል።

ክብደቱ ከዚህ በኋላ ይምጣ። ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚመዝን የአሸዋ ከረጢት ከመሐል ሥር ቢንጠለጠል ጠረጴዛው በርግጫ ወደ ኋላ መንሸራተቱን ያስቀርልዎታል። ነገር ግን በነፋስ የሚወዛወዝ ከረጢት ጠረጴዛውንም ያወዛውዘዋል፤ በገመድ ከሁሉም እግሮች ጋር ወጥረው ይሰሩት። ልል መገጣጠሚያ ላይ የተጨመረ ክብደት ግን ልልነቱን ይደብቀዋል እንጂ አያጠፋውም።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛው መኪናዬ ውስጥ አይገባም። ፊቱን ለሁለት ከፍዬ በማጠፊያ ላገናኘው?

መልስ፦ ይችላሉ፤ ነገር ግን መክፈያው መስመር ከጠመንጃው ጋር ትይዩ፣ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። በአግድም ከከፈሉት መታጠፊያው ልክ በሁለቱ ከረጢቶች መካከል ይውልና በማጠፊያው ላይ ያለው ክፍተት ሁሉ ጥይቱን ወደ ላይና ወደ ታች ይወስደዋል። በርዝመቱ ሲከፈል ግን ሁለቱም ከረጢቶች በአንደኛው ግማሽ ላይ አብረው ሊቀመጡ ይችላሉ። ከሥር ሁለት ተንሸራታች ሞራሌዎች መገጣጠሚያውን አቋርጠው ሁለቱን ግማሾች በብሎን ያሰሯቸው። ማጠፊያው ማጠፊያ ብቻ ይሁን፤ ጭነት አይሸከም።

ጥያቄ፦ መቀመጫው ከጠረጴዛው ጋር የተያያዘ፣ ዙሪያውን የሚሽከረከር ጠረጴዛ ገዛሁ። ትንፋሼን ይዤም መስቀሉ በልብ ምት ልክ ይንቀሳቀሳል። ጉድለት ያለበት ዕቃ ነው የሸጡልኝ?

መልስ፦ ዕቃው ያው እንዲህ ነው የተሠራው። መቀመጫውና የጠመንጃው ማረፊያ በአንድ ብረት ላይ ስለተሠሩ የሰውነትዎ እንቅስቃሴ በብረቱ በኩል ወደ ጠመንጃው ይደርሳል። ለአደንና ለሚንቀሳቀስ ዒላማ ፈጥኖ መዞር ትልቅ ጥቅም ነው፤ ለጥንቃቄ ተኩስ ግን ያስከፍላል። ሁለቱም እግርዎ ሙሉ መርገጫው መሬት ላይ ይረፍ፣ ክብደትዎ ከመቀመጫው ይልቅ ወደ እግርዎ ያዘንብል፣ ደረትዎ ጠረጴዛውን አይንካ። በዚህ ብቻ እንቅስቃሴው በግልጽ ይቀንሳል።

መቀመጫውን ፈቶ በሌላ ዱካ ላይ መቀመጥ ይበልጥ ይረዳል፤ ግን ይጠንቀቁ፣ ከእነዚህ ጠረጴዛዎች ብዙዎቹ ሚዛናቸውን የሚጠብቁት በተቀማጩ ክብደት ነው። ፈትተው ከሆነ ባዶውን ጠረጴዛ ከፊት ተጭነው ይፈትሹት። በዚሁ ምክንያት ከመቀመጫው ሲነሱ ጠረጴዛው ይንቀሳቀሳል፤ መጀመሪያ ጠመንጃውን ባዶ አድርገው አስተማማኝ ቦታ ላይ ያስተኙ፣ ከዚያ ይነሱ።

ጥያቄ፦ ጥቂት እንደተኮስኩ አንገቴን ያመኛል። አንድ ጊዜም መነጽሩ ቅንድቤን መታኝ። ቁመቱ ስንት መሆን አለበት?

መልስ፦ የጠረጴዛው ቁመት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም፤ ዋናው ከመቀመጫው እስከ ጠረጴዛው ፊት ያለው ርቀት ነው። ለብዙ ሰው ከ28 እስከ 32 ሴ.ሜ ይስማማል። መቀመጫው 46 ሴ.ሜ ከሆነ ጠረጴዛው ከ74 እስከ 78 ሴ.ሜ ይሆናል ማለት ነው። ልክዎን ለማግኘት ባዶውን ጠመንጃ ከረጢቶቹ ላይ አስተኝተው ይቀመጡ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ጉንጭዎን በሚመችዎ ሁኔታ ሰደፉ ላይ ያሳርፉ፣ ከዚያ ዓይንዎን ይክፈቱ። ያለ ጥቁር ጥላ ሙሉ ክብ ከታየዎ ልኩ ደርሷል። አንገትዎን ወደ ፊት መስገግ ካስፈለገዎ መቀመጫው ሩቅ ነው፤ ጎንበስ ማለት ካስፈለገዎ ጠረጴዛው ወይም ከረጢቱ ዝቅ ብሏል። ጠመንጃውን ወደ ዓይንዎ ያምጡት እንጂ ራስዎ ወደ ጠመንጃው አይሂድ።

ቅንድብዎን የመታዎም ከዚሁ ነው። ብዙ የጠመንጃ መነጽሮች ከዓይን 8 ወይም 9 ሴ.ሜ ርቀት ይፈልጋሉ። ጠረጴዛ ላይ ያጎነበሰ ሰው ቆሞ ከሚተኩሰው ይልቅ ራሱን ወደ ፊት ያስጠጋል፤ ቆመው ሲያስተካክሉት በቂ የነበረው ርቀት እዚህ ያንሳል። ሰደፉን ትከሻዎ ላይ አጥብቀው ይያዙ፤ በሰደፉና በትከሻው መካከል ክፍተት ካለ ጠመንጃው ተንደርድሮ ነው የሚደርስብዎ።

ጥያቄ፦ ሣር ላይ እግሮቹ ይሰምጣሉ፤ ሲሚንቶ ላይ ደግሞ ይንሸራተታሉ። ለሁለቱም የሚሆን ጫማ አለ?

መልስ፦ አንድ ጫማ ለሁለቱም አይሆንም፤ የሚቀያየር ያድርጉት። የ1 ኢንች ቱቦ ጫፍ መሬት የሚነካው ወደ 9 ካሬ ሴ.ሜ በሚሆን ቦታ ብቻ ነው። 10 ሴ.ሜ ዲያሜትር ያለው ክብ ብረት ከሥሩ ቢገባ ጭነቱ ዘጠኝ እጥፍ ቦታ ላይ ይበተናል። ከብረቱ መሐል አጭር ቧንቧ ያስበይዱና የእግሩ ጫፍ እዚያ ውስጥ ይቀመጥ። ለሲሚንቶ ደግሞ ስስና ጠንካራ ጎማ ይፈልጉ፤ ወፍራምና ለስላሳ ጎማ ባይንሸራተትም ራሱ ይንቀጠቀጣል። በሁለቱም ላይ ጠመንጃው ከመውጣቱ በፊት በእያንዳንዱ እግር አናት ላይ በሙሉ ክብደትዎ ይጫኑ። የሚሰምጠው አስቀድሞ ይስመጥ።

ጥያቄ፦ ፊቱን ምንጣፍ ላልብሰው? ጠመንጃው እንዳይጫር ብዬ ነው።

መልስ፦ አያልብሱት። ምንጣፍ ዝናብ ይይዛል፣ ከሥሩ እንጨቱን ያበሰብሳል፣ ከረጢቱም በጸጉሩ ላይ ይዋኛል። ጠመንጃው የሚነካው ከረጢቱን እንጂ ጣውላውን አይደለም። ከረጢቱ የሚንሸራተት ከሆነ የፊቱ ከረጢት ከሚቀመጥበት ሥር ብቻ ስስ ጎማ ይለጥፉ።

ጥያቄ፦ ጠረጴዛው አይነቃነቅም፣ ግን የጥይቶቹ ቀዳዳዎች ከላይ ወደ ታች በመስመር ይደረደራሉ። ምን ቀረኝ?

መልስ፦ የቀረዎት ጠረጴዛው ላይ ያለው ነው። በፊተኛው ከረጢት ላይ የሚያርፈው የጠመንጃው የእንጨት ክፍል ይሁን፤ የጥይት መውጫው ብረት ከረጢት ከነካ ጥይቱ ቦታውን ይቀይራል። ከረጢቱ እንጨቱን የሚነካበት ቦታ በየተኩሱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ እርሳስ አንስተው እንጨቱ ላይ ጭረት ያድርጉበት። የማንገቻው ቀለበት ከከረጢቱ ፊት ለፊት ካለ በርግጫው ጊዜ ከረጢቱን ይጎትተዋል፣ ይፍቱት። የኋላው ከረጢት በደንብ የተሞላ ይሁን፤ ግማሽ የሆነ ከረጢት በእያንዳንዱ ተኩስ እየተረገጠ ሰደፉን ዝቅ ያደርገዋል፣ ጥይቱም እየወጣ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ካልቀረ ብረቱ ሳይቀዘቅዝ እየተኮሱ እንደሆነ ይመልከቱ።

ሌላም ነገር አለ፤ ስለ ትክክለኛነት ሳይሆን ስለ ደኅንነት ነው። የፊቱን ከረጢት ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ያስጠጉና አፈሙዙ ከጠርዙ አልፎ መውጣቱን ከጎን ሆነው ይመልከቱ። መነጽሩ ከጥይቱ መውጫ በላይ 4 ወይም 5 ሴ.ሜ ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥ፣ በመነጽሩ ዒላማው ፍጹም ጥርት ብሎ እየታየ አፈሙዙ ግን ፊት ለፊቱ የጠረጴዛውን ጠርዝ፣ ከረጢት ወይም የጥይት ሣጥን ተደቅኖበት ሊሆን ይችላል። በመነጽር ሲያዩ ይህ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ ከረጢት በተነሳና በተቀየረ ቁጥር፣ ጥይት ከመጉረስዎ በፊት፣ ራስዎን ከመነጽሩ አንስተው በአፈሙዙ ከፍታ ልክ በዓይንዎ ይከተሉት።